ፊቱ አማርኛ፣ ውስጡ ዐረብኛ

ሀዲያ ከሪያድ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ኮምፒውተር አማርኛ አያውቅም ነበር። ይህ ለብቻው እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ አማርኛ አያውቁም፤ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ሰዉም ገባውም አልገባውም ለምዷቸው አብሯቸው ይኖራል። የሀዲያው ግን ዐረብኛ ነበር። ሲከፈት በዐረብኛ ሰላም ይላል፣ ሲዘጋ በዐረብኛ ይሰናበታል፣ ሲያኮርፍም በዐረብኛ ነው የሚያኮርፈው። ዝርዝሩ ሁሉ ከቀኝ ይጀምራል፤ የመዝጊያዋ ምልክት ግራ ማዕዘን ላይ ተቀምጣለች።

ሀዲያ ኮምፒውተር የለመደችው እንደዚያ ሆኖ ነው። አሠሪዋ ሴትዮ ከቤቷ ሆና ቀሚስ ትሸጥ ነበር፤ የደንበኞቿን ትእዛዝ መጻፍ ሲሰለቻት ሥራውን ከድስቱና ከልጆቹ ላይ ደርባ ለሀዲያ አሸከመቻት። ሀዲያ ከአገሯ ስትወጣ በልጅነቷ ቁርኣን ቤት የቀራችውን ፊደል እንጂ ትርጉሙን አታውቅም። ትርጉሙን የለቀመችው ከማሽኑ ነው። አንዱን ቃል ስትጫን የሚከፈት ነገር አየች፤ “ክፈት” ማለት ነው አለች። ሌላውን ስትጫን የሴትዮዋ የሳምንት ሥራ ድራሹ ጠፋ፤ “ሰርዝ” የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ረስታው አታውቅም። አገሯ ስትገባ ያንኑ ማሽን፣ ካረጀ በኋላ፣ ለቀረባት ደመወዝ ማካካሻ ብለው ሰጧት። አላካካሰም፤ ግን ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ደሴ ጥቂት ወራት ተቀምጣ አማርኛ መተየብ ተማረች። ከዚያ ማተሚያና ፎቶ ኮፒ ማሽን ገዝታ ሐይቅ ላይ ጠባብ ሱቅ ተከራየች። ሱቁ ከገበያው ይርቃል፣ ከመናኸሪያውም ይርቃል፤ ከትምህርት ቤቱ በር ግን ፊት ለፊት ነው። ታላቅ እህቷ ረቢያ “ምን አይተሽ ነው እዚህ?” ብትላት፣ “ተማሪ ፎቶ ኮፒ ያበዛል” አለቻት። ውሸቷን ነው። ተማሪ ፎቶ ኮፒ አያበዛም፤ አንዱ ያስነሣል፣ የቀረው ክፍል በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል። ሀዲያ እዚያ የተከራየችው ልጇ ሳጂዳ በዚያ በር ስለምትገባና ስለምትወጣ ነው።

እናቷ ስትሄድ ሳጂዳ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስትመለስ አሥራ አምስት ሞልቷት ጠበቀቻት። ያሳደገቻት ረቢያ ናት፤ ያውም ደህና አድርጋ። ሀዲያ በእህቷ ቅር ልትሰኝ ፈልጋ ምክንያት አጣች። ልጅቷም ክፉ አይደለችም። እናቷ ስትገባ ትነሣላታለች፣ መቀመጫ ትለቅላታለች፣ ውሃ ታቀርብላታለች፣ “ተጫወቺ” ትላታለች። ለእንግዳ የሚደረገው ሁሉ ሳይጓደል ይደረግላታል፤ ሀዲያን አንጀቷን የሚያቃጥላት ይኸው ነበር። ስለ ዐረብ አገር አገሬው ሁሉ ጠይቋታል፤ የማያውቃት የባጃጅ ሾፌር እንኳ ሙቀቱ እንዴት ነው ብሏታል። ሳጂዳ አንድ ቀን አልጠየቀቻትም። ሀዲያ የምትመኘው ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ሱቁ ጎራ ብላ፣ እንደ ቤት ልጅ፣ ጎኗ እንድትቀመጥ ብቻ ነው። ለዚሁ ብላ ሁለተኛ ወንበር ገዛች። ወንበሩ ላይ ወረቀት ተቆለለበት።

መጀመሪያ ሰሞን ተስፋ ነበረ። ሳጂዳ የቤት ሥራዋን ለማስነሣት ትመጣለች፤ ባንኮኒው ጋ ቆማ ትጠብቃለች፣ አመስግና ትሄዳለች። ዛሬ የቆመች ነገ ትቀመጣለች ብላ ሀዲያ ፎቶ ኮፒውን ሆን ብላ ታጓትተው ነበር።

ነገሩን ያበላሹት አባ ኑርዬ ናቸው። አባ ኑርዬ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የመጡት ጎረቤታቸው ድንበር ገፋብኝ የሚል ማመልከቻ ሊያጽፉ ነው። ሱቁ ጠባብ፣ የመብራት መሰኪያው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ የኮምፒውተሩ ፊት ወደ በሩ ይዞራል። አባ ኑርዬ ደፉ ላይ ደርሰው ስክሪኑን አዩና ጫማቸውን አወለቁ።

“አባ፣ ይልበሱት እንጂ፤ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል” አለቻቸው ሀዲያ።

“ዓይኔ እያየ?”

“ቁርኣን እኮ አይደለም። ያ ‘ፋይል’ ነው የሚለው። ይቺ ደሞ ‘ዝጋ’ ናት።”

“ዝጋም ቢሆን፣ በዚህ ፊደል ተተጻፈ እንደሌላው ዝጋ አይደለም” አሉ አባ ኑርዬና በባዶ እግራቸው ገብተው የደንበኛው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

አባ ኑርዬ ይህን ከራሳቸው አላመጡትም። በዚያ አገር ዐረብኛ የተጻፈበት ወረቀት መንገድ ላይ ወድቆ ከተገኘ አይረገጥም፤ ያነሡትና ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ይሰኩታል። ምን እንደሚል የሚያነበው ከሌለ ደግሞ ይበልጥ ይከበራል። ችግሩ ያኛው ወረቀት ዝም ይላል፤ የሀዲያ ስክሪን ግን ቀኑን ሙሉ ቦግ ብሎ ይውላል።

ማመልከቻውም አላለቀም። “አሥር ክንድ ገፍቶብኛል በይ” አሉ፤ ጻፈች። ስክሪኑን ገልመጥ አደረጉ። “ቆይ፣ አምስት በይው።” አስተካከለች። እንደገና ገልመጥ አደረጉ። “አሁን እዚህ ተቀምጨ ምን ልዋሽ? በሬው ነው የሳተው። እኔም አምና ወዲያ ገፋ አርጌ ነበር።” ተነሥተው፣ መርቀዋት፣ ምንም ሳያጽፉ ሄዱ። ሀዲያ ያን ቀን አንድ ነገር ተረዳች፤ ማመልከቻ ያለ ትንሽ ውሸት አይጻፍም።

አባ ኑርዬ ያዩትን በየደረሱበት አወሩ፤ ወሬው በገበያ ቀን አርዲቦን ዞሮ ተመለሰ። በሩ ላይ ጫማ መደርደር ጀመረ። ማተሚያው ራሱን ሲፈትሽ በዐረብኛ የሚተፋውን ወረቀት ሰው ከመሬት እያነሣ ሳመው፤ ብዙም ሳይቆይ የሱቁ ግድግዳ ስንጥቅ ሁሉ “ቀለም ሊያልቅ ነው” በሚል ወረቀት ተሞላ። ጋሽ አራጋው የሚባሉ፣ ከውጫሌ በላይ ካለው ደጋ ለገበያ የወረዱ ክርስቲያን ገበሬ፣ የጫማውን ሰልፍ አይተው እሳቸውም አወለቁ።

“ጋሽ አራጋው፣ እርስዎን ደሞ ምን አስወለቀዎ?”

“የሰው ቤት ገብቶ እንደ ቤቱ ተላደሩ ምኑን ጉርብትና ሆነ” አሉ። ከዚያ ለማንኛውም ብለው አማተቡ።

ስህን የምትባል ጎረቤት ደግሞ ያተኮሰው ሕፃን አቅፋ መጣች። ስክሪኑ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጥልኝ ነው የምትለው።

“ስህንዬ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።”

“ወሰድኩት። መድኃኒት ሰጡኝ። ይሄ ለጭማሪ ነው።”

ሀዲያ አስተማረች፣ ማለች፣ ተቆጣች። የሰፈሩ መስጊድ ሸህ ራሳቸው አንድ ቀን መጥተው ስክሪኑን አነበቡ፤ “መስኮት፣ እርዳታ፣ ውጣ” የሚል ነው ብለው ስቀው ለሰዉ ተናገሩ። ሰዉም አዳመጣቸው። ሸሁ ግን ሲገቡ በልማድ ጫማቸውን አውልቀው ስለነበር ሰዉ ያመነው እግራቸውን ነው። ከተማው ሀዲያን “ሸኺቷ” ይላት ጀመር።

ስሙ አስፋልቱን ተሻግሮ ትምህርት ቤት ለመግባት ጊዜ አልወሰደበትም። ሳጂዳ ክፍል ስትገባ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ጫማቸውን አወለቁላት። መምህሩ የመጣው ጠረን ከምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ “የሸኺቷ ልጅ ስለገባች ነው” አሉት። ይህን ለሀዲያ የነገረቻት ረቢያ ናት፤ ልጅቷ ለእናቷ አልነገረቻትም።

በማግሥቱ ሀዲያ ሳጂዳን ከበሩ ስትወጣ አየቻት። ደብተሯ ላይ የሚነሣ ወረቀት ይዛለች። አስፋልቱን ልትሻገር አለችና የጫማውን ሰልፍ አየች፤ አንገቷን ደፋ አድርጋ መንገዱን ይዛ ወረደች፣ ታች ካለው ከማህዲ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ሀዲያ የያዘችውን ወረቀት ማሽኑ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። አሥራ አንድ ዓመት በባሕር ማዶ መራቅ ይኖራል፤ አስፋልት ማዶ ሆኖ መራቅ ግን የባሰ እንደሆነ ያን ቀን አወቀችው። የመጣው ይምጣ ብላ ሱቁን ዘጋችና ኮምፒውተሩን በብብቷ ይዛ ማህዲ ጋ ወረደች።

ማህዲ ፎቶ ኮፒም ያነሣል፣ የተበላሸ ኮምፒውተርም ያበጃል። ልጇን ደንበኛ አድርጌ ወሰድኩባት ብሎ አፍሮ ስለነበር ሲያስረዳት ከልክ በላይ አስረዳት።

“ማሽኑ ቋንቋ የሚይዘው ሁለት ቦታ ነው” አላት። “አንዱ የሲስተሙ ነው። ሲነሣ፣ ሲጠፋ፣ ሲያመው የሚናገርበት። ሌላው የዴስክቶፑ ነው፤ አንቺ ስትሠሪበት የምትውይው ገጹ። የገጹን አሁኑኑ አማርኛ አረግልሻለሁ። የውስጡን ለመለወጥ ግን የባለቤቱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ታውቂዋለሽ?”

“የሴትዮዋ ወንድ ልጅ ነው ያረገው።”

“ደውለሽ ጠይቂያታ።”

ደወለች። ሴትዮዋ ድምፅዋን ስትሰማ በጣም ደስ አላት፤ መቼ እንደምትመለስም ጠየቀቻት። ሀዲያ የይለፍ ቃሉን እንደምትፈልግ አስረዳቻት። ልጁ አግብቶ ወጥቷል፣ እሱም አያስታውሰውም አለቻት፤ ቀጥላም መቼ እንደምትመለስ ጠየቀቻት።

“እንግዲያው ጠቅላላውን ጠርጌ አዲስ ልጫንበት?” አለ ማህዲ። “ውስጡም ውጭውም አማርኛ ይሆናል።”

ሀዲያ አሰበች። “ተወው። ፊቱን ብቻ አርግልኝ። ውስጡንም ተወሰድክብኝ፣ ሲያመው በምን እንግባባለን?”

እንዲያ ሆኖ ተመለሰ። ጠዋት ሲነሣ በዐረብኛ ያጉረመርማል፣ ስሟን በዐረብኛ ይጠይቃል፤ ገብታ ስትቀመጥ ግን ገጹ ቁጭ አማርኛ ነው። ፋይል፣ ማረሚያ፣ መመልከቻ፣ ማስገቢያ። አማርኛ አፍ የፈታችበት ቋንቋ ነው፤ እና ምንም ማግኘት አልቻለችም። ቀኝ የነበረው ሁሉ ግራ ሄዷል። እጇ በልማድ ወደ ለመደው ማዕዘን ይሄድና፣ ልክፈት ያለችውን ትዘጋለች። “ማረሚያ” ሲል የምን ማረሚያ ቤት ነው ብላ ዘለለችው። ዓይኗን ጨፍና ትሠራው የነበረውን ሥራ ዓይኗን አፍጥጣ አቃታት። ንዴቱ እንባ እንባ አላት፤ ግን በሩ ላይ ጫማ አልነበረም።

ደንበኞቿም ለውጡን አልወደዱትም። አባ ኑርዬ ተመልሰው መጡ፤ አንድ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ በአንድ እግራቸው እንደቆሙ፣ ስክሪኑን አዩ።

“የት ሄደ?”

“ቀየርኩት አባ።”

ጫማቸውን መልሰው አደረጉ፤ ገብተው ተመቻችተው ተቀመጡ። “እንግዲያ ጻፊ” አሉ። “አሥራ አምስት ክንድ ገፍቶብኛል።”

ስህን ደግሞ እንደ ፊደል ቆጣሪ ቀስ ብላ አነበበችና ከላይ ጥግ ላይ “እርዳታ” የሚል አገኘች፤ ምዝገባው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀች። ሀዲያ ምዝገባ እንደሌለ ብትነግራትም አላመነቻትም። ለዘመዶቿ ነው የምትሰጠው ብላ ሄደች።

የአባ ኑርዬ ማመልከቻ ተጽፎ አልቆ መታተም አቃተው። ሀዲያ ማተሚያውን ትፈልጋለች፣ ሠንጠረዥ ይመጣባታል፤ ሠንጠረዡን ታጠፋለች፣ ፊደሉ ሁሉ ይደምቃል። ከሰዓት ሆኗል። የትምህርት ቤቱ በር ተከፍቶ ተማሪው መንገዱን ሞላው። አባ ኑርዬ መጠበቅ ሲሰለቻቸው ከደፉ ላይ ወጥተው ቆሙና ከተማሪው መካከል አንዷን በከዘራቸው ጠቆሙ።

“አንቺ፣ የሀዲያ ልጅ አይደለሽም? ነይ ወዲህ። እናትሽ ጠፍቶባታል።”

ሽማግሌ ጠርቶ አልሰማሁም አይባል። ሳጂዳ ጓደኞቿን አየች፣ በሩን አየች፤ ተሻገረች። ሀዲያ ልጇ ልክ እንደዚህ፣ የሰው ትእዛዝ ተሸክማ እንድትመጣ አልነበረም ምኞቷ። ግን ሂጂም አላለቻትም።

“ምንድነው የጠፋሽ?” አለች ሳጂዳ።

“ማተሚያው። እዚህ በቀኝ ነበር።”

“አሁን በግራ ነዋ።” ልጅቷ የወረቀቱን ቁልል ከወንበሩ አንሥታ መሬት አደረገችና ተቀመጠች። ይህን ያደረገችው ቆሞ ስለማይመች ነው፤ ሀዲያ ግን ወንበሩ ለማን እንደተገዛ አስታወሰች። ሳጂዳ “ፋይል” የሚለውን ነካች፣ ወደ ታች ወረደች፣ “ማተሚያ” አለች። ቀላል ነበር። ሀዲያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የልጇን ጣቶች ታያለች። ጣቶቹ የእሷን ይመስላሉ፤ ይህን ለማየት እስከ ዛሬ በቂ ቅርበት አግኝታ አታውቅም።

ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት ስክሪኑ መሀል አንድ ሳጥን ብቅ አለ። ጽሑፉ ዐረብኛ ነው። አባ ኑርዬ ወደ ጫማቸው ጎንበስ አሉ።

ሳጂዳ ዓይኗን አጥብባ ተጠጋች። ቁርኣን ቀርታለችና ፊደሉን ታውቃለች፤ ሌላ ዓይነት ዐረብኛ ማንበብ ስለማታውቅም በዚያው በቁርኣን ንባብ ዜማ ታነብ ጀመር። ሁለተኛው ቃል ላይ ተደናቀፈች፤ በቁርኣን ከፊደሉ ላይና ታች የሚያርፈው የድምፅ ምልክት የለበትም። “ሐረካ የለውም። እንዴት ነው የሚነበብ?”

“ያለ ሐረካ ነው የሚጽፉት። ይለመዳል።”

“ምን ይላል?”

“አዲስ ነገር ገብቶልኛል፤ ጠፍቼ ልነሣ ወይስ ይቆይ ነው የሚል።” ከዚያ ሀዲያ ዐረብኛውን ራሱን አነበበችላት፤ ስታነብ ድምፅዋ ሌላ ሆነ፣ ፈጠነ፣ አልተንተባተበም። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ስትደናበር የዋለችው ሴት አልመሰለችም።

ሳጂዳ ከስክሪኑ ዞራ እናቷን አየቻት። “ማን አስተማረሽ?”

“ማንም። እሱው።”

“ሰዎቹስ?”

“ሰዎቹ ያዝዙኛል እንጂ አያናግሩኝም። ምን እንደሆንኩ፣ ምን እንደምፈልግ ‘አዎ ወይስ አይ’ ብሎ የሚጠይቀኝ ይሄ ብቻ ነበር።”

ማተሚያው ጀመረ፣ ቆመ። ሳጂዳ ሳጥኑን አልነካችውም። ወደ ቁልፎቹ እያየች፣ “ስትደውይ ‘በላሽ? ተማርሽ? ደህና ሁኚ’ ነበር የምትይኝ” አለች። “ሁልጊዜ ያው ነው። እንግዲህ የምትነግረኝ ነገር የላትም እል ነበር።”

ሀዲያ ለዚህ መልስ ነበራት። ለዓመታት ድስት እያጠበች አሳምራ የገጣጠመችው ረጅም መልስ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን አጭር ነው።

“ከዚያ አልፌ ከተናገርኩ አለቅሳለሁ” አለች። “እዚያ ቤት ማልቀስ ሥራ መፍታት ነው።”

አባ ኑርዬ ጫማቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ፤ ማመልከቻው ይደርሳል አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። መንገዱ ላይ የሳጂዳ ጓደኞች ስሟን ተጣሩ። እሷ ግን ጣቷን ሳጥኑ ላይ ካሉት ከሁለቱ ቃላት ወደ አንዱ አስጠጋች።

“ይቆይ የሚለው የቱ ነው?”

“የቀኙ።”

የቀኙን ነካችው። ሳጥኑ ጠፋ። ከዚያ ወንበሯን ከጠረጴዛው አዙራ እናቷን ፊት ለፊት አየቻት።

“ሌላስ ምን ምን ይልሽ ነበር?”

ሀዲያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ነገረቻት። ስትነግራት አለቀሰች፤ ሥራም ፈታች።